ኮረብታውና ሰዎቹ፤ የቦክስ ሂል ሽርሽር በጄን ኦስተን «ኤማ» ውስጥ

በልብ ወለድ ድርሰት ውስጥ ስለሚገኝ የመልክዓ ምድር ገለጻ ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመሰገነው ተራራውን፣ ወንዙንና ጫካውን በቃላት ሥሎ ለአንባቢው ዓይነ ኅሊና ያቀረበ ደራሲ ነው። ምስጋናው ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ነገር ግን ከምስጋናው በፊት መጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ይህ ገለጻ በታሪኩ ውስጥ ምን ይሠራል? ተራራው ከድርሰቱ ቢወጣ ከሰዎቹ ሕይወት የሚጎድል ነገር አለን? ወይስ ደራሲው ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቱ በፊት ብዕሩን የሚያፍታታበት ጌጥ ሆኖ ቀርቷል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ይህ ጽሑፍ የመረጠው መንገድ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ስለ ተፈጥሮ ውበት በሰፊው የጻፉት ገጣሚዎች ብዙ ናቸው። እዚህ የምንመረምረው ግን አንድን ስመ ጥር ኮረብታ የታሪኳ ዐቢይ መገናኛ ካደረገች በኋላ፣ ስለ ኮረብታው ውበት ከጥቂት ቃላት በላይ ያልተናገረችን ደራሲ ነው። ደራሲዋ ጄን ኦስተን፣ መጽሐፉ «ኤማ»፣ ኮረብታው ቦክስ ሂል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮረብታው

ቦክስ ሂል ከለንደን በስተ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሬይ አውራጃ፣ ከዶርኪንግ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 224 ሜትር ብቻ ነው። በደጋ አገር ለኖረ ሰው ይህ ጉብታ ቢባል እንጂ ተራራ የሚያሰኝ አይደለም። ይሁን እንጂ ኮረብታው ሰሜን ዳውንስ የሚባለው የጠመኔ ድንጋይ ሰንሰለት አካል ሆኖ፣ ሞል የተባለው ወንዝ ሰንሰለቱን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ አንዱ ጎኑ በገደልነት ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከምድር ባቡር ጣቢያው ተነሥቶ በእግሩ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ወንዙን በመረማመጃ ድንጋዮች ላይ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በዛፎች ጥላ ሥር፣ በየደረጃው እየተቆረጠ ሽቅብ ይወጣል። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ትንፋሽ ያሳጥራል። ከጫካው ሲወጣ ሣር የለበሰው አፋፍ ባንድ ጊዜ ይከፈታል። ከሥር ዶርኪንግ፣ ከዚያ ማዶ በዛፍ አጥር የተከፋፈሉ ማሳዎች ያሉበት ዊልድ የሚባለው ዝቅተኛ ምድር፣ በጠራ ቀን ደግሞ ከአድማሱ ላይ የደቡብ ዳውንስ ኮረብታዎች ይታያሉ።

ኮረብታው ስሙን ያገኘው ቦክስ ከሚባለው፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ከማያራግፈው ዛፍ ነው። ቦክስ እድገቱ ዝግ ያለ ሲሆን፣ እንጨቱ እጅግ ጥቅጥቅ ያለና ከባድ በመሆኑ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። የሥዕልና የኅትመት ጥበብ ሰዎች ይህን እንጨት በሌላ ምክንያት ያውቁታል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቶማስ ቢዊክ በእንጨት ላይ እየቀረጹ ሥዕል የማተምን ጥበብ ከፍ ወዳለ ደረጃ ባደረሰ ጊዜ፣ የብረቱን ጫፍ ረቂቅ መስመር ሳይሰነጠቅ የሚቀበለው አግድም የተቆረጠ የቦክስ ግንድ ነበር። በ1790 የወጣው የአራት እግር እንስሳት መጽሐፉና በ1797 የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው የብሪታንያ አዕዋፍ መጽሐፉ ሥዕሎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በዚያው ዘመን በቦክስ ሂል ላይም ብዙ ዛፍ ለገበያ ተቆርጧል። እንግዲህ ለሽርሽረኛው ጥላ የነበረው ዛፍ ለባለ ርስቱ ገንዘብ፣ ለቆራጩ የዕለት እንጀራ፣ ለጥበብ ሰው የሥራ ሰሌዳ ነበር።

ሣሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዛሬ ኦርኪድ የሚባሉት አበቦችና ብዙ ዓይነት ቢራቢሮዎች የሚታዩበት የጠመኔ መስክ ለብዙ መቶ ዓመታት በበጎች እየተጋጠ የኖረ መስክ ነው። ግጦሽ የቆመበትን ቦታ ቁጥቋጦ ይወርረዋል። ስለዚህም በአሁኑ ጊዜ የኮረብታው ጠባቂዎች መስኩ እንዳይጠፋ ከብት ያሰማሩበታል። የተፈጥሮ ውበት ብለን በምንጠራው ነገር ውስጥ የእረኛ ድካም እንዳለበት ይህ መስክ በግልጽ ያሳያል።

ሽርሽሩ

ኦስተን ይህን አገር ታውቀዋለች። ከኮረብታው ብዙ በማይርቀው በግሬት ቡካም ዘመዶች ነበሯት፤ «ኤማ»ን በምትጽፍበት በ1814 ዓመትም እነሱን ጠይቃ ሰንብታለች። መጽሐፉን በ1814 መጀመሪያ ጀምራ በ1815 ጸደይ ጨረሰች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ታትሞ ወጣ።

የታሪኩ ባለቤት ኤማ ውድሃውስ ናት። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ዓመት፣ መልከ መልካም፣ ብልህና ሀብታም ናት። የምትኖረው ሃይበሪ በተባለች፣ ደራሲዋ በፈጠረቻት ትልቅ መንደር ውስጥ ሲሆን፣ በመንደሩ ካሉት ቤተሰቦች የሷን የሚስተካከል የለም። ከዚህ ምቾት የተነሣ የሌሎችን ሰዎች ልብ የማንበብና ትዳራቸውን የማቀናጀት ችሎታ ያላት ይመስላታል። በየጊዜውም ትሳሳታለች። በአንጻሩ ወይዘሪት ቤትስ የቀድሞው የሃይበሪ ቄስ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከአሮጊት እናቷ ጋር በሰው ቤት ፎቅ ላይ፣ በጥቂት ገንዘብ ትኖራለች። ትዳር አልያዘችም፤ መልክም ሆነ የተለየ ዕውቀት የላትም። ያላት ነገር ደግነትና ማለቂያ የሌለው ወሬ ነው።

ኤማ ቦክስ ሂልን አይታ አታውቅም። ሰው ሁሉ ማየት የሚገባ ቦታ ነው የሚለውን ኮረብታ ለማየት ትፈልጋለች። በበጋው አጋማሽ በአንድ ብሩህ ቀን ሰባት ማይል በሠረገላና በፈረስ ተጉዘው ይደርሳሉ። ሲደርሱ ሁሉም ያደንቃል። አድናቆቱ ግን ወዲያው ያልቅና አንድ ዓይነት ድብርት በመካከላቸው ይገባል። ኅብረቱ ይሰነጠቃል። ቄሱ አቶ ኤልተንና ሚስቱ ለብቻቸው ይሄዳሉ፤ አቶ ናይትሊ ወይዘሪት ቤትስንና የእህቷን ልጅ ጄን ፌርፋክስን ይዞ ይሄዳል፤ ኤማ፣ ጓደኛዋ ሃሪየትና ፍራንክ ቸርችል ለብቻቸው ይሆናሉ። በኮረብታው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቆያሉ፤ አቶ ዌስተን ሊያስማማቸው ቢደክምም አይሆንለትም።

በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ሲቀመጡ ፍራንክ ቸርችል ድብርቱን ለመስበር በኤማ ስም አንድ ጨዋታ ያውጃል። እያንዳንዱ ሰው አንድ እጅግ ብልህ ነገር፣ ወይም ሁለት መካከለኛ ነገሮች፣ ወይም ሦስት ፍጹም ፈዛዛ ነገሮች እንዲናገር ይጠየቃል። ወይዘሪት ቤትስ በራሷ እየቀለደች ሦስቱ ፈዛዛ ነገሮች ለሷ እንደማያስቸግሯት ትናገራለች። ኤማ አፏን መግታት ያቅታትና፣ የሚያስቸግራት ቁጥሩ በሦስት መወሰኑ እንደሆነ በጨዋ ድምፅ ትመልስላታለች። ወይዘሪት ቤትስ ነገሩ ወዲያው አይገባትም። ሲገባት አትቆጣም፤ ፊቷ በትንሹ ይቀላል፤ የቀድሞ ወዳጇ እንዲህ ያለችው እሷ በእርግጥ አሰልቺ ብትሆን እንደሆነ ለአቶ ናይትሊ ትናገራለች። ከዚያም ጨዋታው ይቀጥላል። አቶ ዌስተን ፍጽምናን የሚገልጹ ሁለት ፊደላት የትኞቹ ናቸው ብሎ ይጠይቅና፣ መልሱ ተገጣጥሞ የኤማን ስም ይሰጣል። አንዲት ደሀ ሴት ከተዋረደች ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ አዋራጇ ፍጹም ናት ተብላ ትመሰገናለች።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ግድያ የለም፤ ክህደት የለም፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው እንኳ የለም። የተነገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሆኖም አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ፊቱ ላይ ሙቀት ይሰማዋል። የዚህ ምክንያት ምንድን ነው?

ብዙ አንባብያን ምክንያቱን የሚያገኙት በኤማ ጠባይ ውስጥ ነው። ትዕይንቱን የሚያነቡት ኩራተኛዋ ልጅ ጥፋቷን አውቃ የምትታረምበት ምዕራፍ አድርገው ነው። ይህ ንባብ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ነገሩ ለምን በኮረብታ ላይ ሆነ? ይኸው ቃል በኤማ ሳሎን ውስጥ ቢነገር ኖሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበርን?

ሃይበሪ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ቦታውን ያውቃል። ማን ማንን አስቀድሞ እንደሚጠይቅ፣ ማን ለእራት እንደሚጠራና ማን ከእራት በኋላ ብቻ እንደሚጠራ፣ ማን ከእሳቱ አጠገብ እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው። ይህ ሥርዓት ግፍ ያለበት ቢሆንም ለደካማው አንድ ዓይነት መከለያ ይሆነዋል። ኤማ በቤቷ አስተናጋጅ ስትሆን ወይዘሪት ቤትስን የማክበር ግዴታ አለባት። በኮረብታው ላይ ግን ወንበር የለም፤ ራስጌና ግርጌ የለም፤ ሁሉም በአንድ ሣር ላይ ተቀምጠዋል። በመልክ ሲታይ እኩል ሆነዋል። የመደብ ልዩነቱ ግን በሠረገላው ተጭኖ አብሯቸው መጥቷል፤ መሸፈኛው ብቻ ነው ሃይበሪ የቀረው። ወንበር ባልነበረበት ቦታ ጨዋታው ራሱ ወንበር ሆነ። ብልህ፣ መካከለኛ፣ ፈዛዛ እያለ የሰውን አንደበት በሦስት ደረጃ ከፈለ። በንግግር ከሁሉ በታች የተቀመጠችውም በኑሮ ከሁሉ በታች የነበረችው ሆነች። ኦስተን ይህን የት ላድርገው ብላ በአጋጣሚ የመረጠችው ቦታ አይደለም። ከቤት የራቀ፣ ሁሉም እንግዳ የሆነበት፣ ማንም አስተናጋጅ ያልሆነበት ገላጣ ቦታ ያስፈልጋት ነበር። መቼት የሚባለው ነገር በድርሰት ውስጥ ሥራ ሲሠራ እንዲህ ነው።

ያልተገለጸው አገርና የተገለጸው አገር

አሁን ወደ ገለጻው እንመለስ። በቦክስ ሂል ምዕራፍ ውስጥ ከላይ ስለሚታየው ውብ አገር የሚነገረን በኤማ ስሜት በኩል ብቻ ነው። የፍራንክ ውዳሴ ሲሰለቻት፣ ብቻዋን ተቀምጣ ከሥሯ ያለውን እይታ በጸጥታ ብትመለከት ትመኛለች። ማሳውና ወንዙ አይጠቀሱም። ይህን አንዳንድ ሰው የደራሲዋ ድክመት ነው ሊል ይችላል፤ ኦስተን ለሰው ንግግር ጆሮ እንጂ ለተፈጥሮ ዓይን አልነበራትም ብሎ።

ይህን አስተያየት የሚያፈርሰው ከሽርሽሩ ቀድሞ የሚመጣው ምዕራፍ ነው። ከቦክስ ሂል ጉዞ በፊት በነበረው ቀን እነዚሁ ሰዎች በዶንዌል፣ በአቶ ናይትሊ ርስት ላይ እንጆሪ ለመልቀም ተሰብስበው ነበር። በዚያ ምዕራፍ ደራሲዋ ምድሩን በዝርዝር ታሳየናለች። የቤቱን አቀማመጥ፣ የአትክልቱን ቦታ፣ የዛፎቹን መንገድ፣ በመጨረሻም ከዝቅተኛው የድንጋይ ግንብ ማዶ ቁልቁል የሚታየውን የእርሻ ቤት፣ መስኩንና ዙሪያውን የሚጠመዘዘውን ወንዝ ትገልጻለች። ስለዚህ ዓይን አልነበራትም ማለት አይቻልም። በአንዱ ቦታ ብዙ ተናግራ በሌላው ዝም ያለችው አስባበት ነው።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዶንዌል ላይ የሚታየው ምድር ከሰዎቹ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው። ቁልቁል የሚታየው የእርሻ ቤት የሮበርት ማርቲን ቤት ነው። ሮበርት ማርቲን ሃሪየትን ለጋብቻ የጠየቀና፣ ኤማ ለጓደኛዬ አይመጥናትም ብላ ያስመለሰችው ወጣት ጭሰኛ ነው። ኤማ ያንን ቤት በአድናቆት ስትመለከት የራሷን ስሕተት ነው የምትመለከተው። ይህን ገና አታውቅም፤ አንባቢው ግን ያውቃል። ገለጻው ታሪኩን ወደፊት ይገፋል። በቦክስ ሂል ላይ ያሉት ሰዎች ግን ከሚያዩት ምድር ጋር ምንም የሚያገናኛቸው የለም። አያርሱትም፤ አያስተዳድሩትም፤ ማን እንደሚኖርበትም አይጠይቁም። የመጡት የሚመጣበት ቦታ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች የሚያየው ነገር ቶሎ ያልቅበታል። የደራሲዋ ዝምታ የተመልካቾቹን ባዶነት በልኩ ያሳያል።

ይህን ካደነቅን በኋላ የጎደለውን መናገር ተገቢ ነው። የዶንዌል እይታ የባለ ርስት እይታ ነው። ከላይ ወደ ታች ይታያል፤ መስኩ፣ መንጋው፣ ከእርሻው ቤት የሚወጣው ጭስ አለ። በመስኩ ላይ የሚሠራ ሰው ግን አይታይም። ቦክስ ሂል ላይም አሽከሮቹ በምዕራፉ መጨረሻ ሠረገሎቹ መቅረባቸውን ለማስታወቅ ብቅ ይላሉ፤ ኤማ በእነሱ መምጣት ደስ ይላታል። ከዚያ በፊት ፈረሶቹን ሲጠብቁ የዋሉት እነማን እንደነበሩ፣ ምን እንዳሉ፣ ስለ ጌቶቻቸው ድብርት ምን እንዳሰቡ አናውቅም። የብዙ ሰው ድምፅ እጅግ በረቀቀ ጆሮ የሰማች ደራሲ ይህንን ድምፅ አላሰማችንም።

ተግሣጹና ወሰኑ

ኤማ ሠረገላዋን ስትጠብቅ አቶ ናይትሊ ቀርቦ ይገሥጻታል። የተግሣጹ ኃይል በቁጣው ላይ አይደለም፤ በክርክሩ ላይ ነው። ወይዘሪት ቤትስ በሀብት እኩያሽ ብትሆን ኖሮ በሞኝነቷ ብትስቂ ባልተቆጣሁ፤ ነገር ግን ደሀ ናት፤ ከተወለደችበት ኑሮ ዝቅ ብላለች፤ ዕድሜ ከሰጣትም ገና ዝቅ ትላለች ይላታል። ሕፃን ሳለሽ እሷ ስታነጋግርሽ ክብር ነበር፤ ዛሬ አንቺ በሌሎች ፊት ስትስቂባት፣ ያንቺን ዓይን እያዩ የሚሄዱት ሁሉ እንደዚያው ያደርጉባታል ይላታል። ኤማ ሳትመልስለት ትሄዳለች፤ እስከ ቤቷም እያለቀሰች ትጓዛለች። በማግሥቱ ማለዳ የወይዘሪት ቤትስን ቤት ደጃፍ ታንኳኳለች።

በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ትልቅ የጥበብ ትምህርት አለ። ቀልድ በራሱ ጥሩ ወይም ክፉ አይደለም፤ የሚመዘነው ከየት ወደ የት እንደሚወረወር ታይቶ ነው። ከታች ወደ ላይ የተወረወረ ቀልድ ድፍረት ሲሆን፣ ከላይ ወደ ታች የተወረወረው ጭካኔ ነው። የተሳለቁበት ሰው መልስ መመለስ ካልቻለ ሳቁ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። በመድረክ ላይ ደሀውን፣ ገጠሬውን፣ አነጋገሩ የተለየውን ሰው ማሣቂያ የሚያደርግ የተውኔት ጸሐፊ ሁሉ ይህችን ገጽ ቢያነብ ይጠቀማል።

የተግሣጹ ወሰን ደግሞ ይህ ነው። አቶ ናይትሊ ድኻዋን አታዋርጂ ይላል፤ የቄስ ልጅ ያለ አባት ስትቀር ለምን ባዶ እጇን ትቀራለች ብሎ አይጠይቅም። ርኅራኄውን የሚናገረው ከርስቱ ላይ ቆሞ ነው። መጽሐፉ በጋብቻዎች ያበቃል። ኤማ ናይትሊን፣ ጄን ፌርፋክስ በምስጢር ታጭታለት የነበረውን ፍራንክን፣ ሃሪየትም ሮበርት ማርቲንን ያገባሉ። የወይዘሪት ቤትስ ኑሮ መሻሻሉ ግን አይነገረንም። ኦስተን የዘመኗን ኅብረተሰብ ቁስል በትክክል ጠቁማለች፤ ያቀረበችው መድኃኒት የግለሰብ ጨዋነት ብቻ ነው። ይህን ስንል ታላቅነቷን መቀነሳችን አይደለም። ያየችውን ያህል በዚያ ዘመን ያዩ ጥቂቶች ናቸው።

ከመጽሐፉ ወዲያ

ልብ ወለዱ የተወውን ጥያቄ የኮረብታው ታሪክ በራሱ መንገድ ቀጥሎበታል። ጉዳዩን ሙሉ ለማድረግ እሱንም ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ቦክስ ሂል ለመዝናናት መምጣት በኤማ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። የማስታወሻ ጸሐፊው ጆን ኤቭሊን በ1655 የቦክስ ዛፎቹን ጥላ ሊያይ መጥቷል። የ«ሮቢንሰን ክሩሶ» ደራሲ ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በበጋ እሑዶች ወይዛዝርትና መኳንንት በኮረብታው ላይ እንደሚሰበሰቡ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጓዳ ቆፍሮ ምግብና መጠጥ የሚያቀርብላቸው ነጋዴም እንደነበረ ጽፏል። የአካባቢው ሰዎች ግን ነገሩን አልወደዱትምና ጓዳውን በአንድ ሌሊት በባሩድ አፈረሱት። በ1800 ደግሞ ፒተር ላቢሊየር የተባለ ሻለቃ በኑዛዜው መሠረት በዚሁ ኮረብታ ላይ በራሱ ተዘቅዝቆ ተቀበረ። ዓለም የተገለበጠች ናትና ስትቃና እኔ ቀጥ ብዬ እገኛለሁ ይል ነበር ይባላል። የኦስተን መጽሐፍ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1817፣ ወጣቱ ገጣሚ ጆን ኪትስ ከኮረብታው ግርጌ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ተቀምጦ «ኤንዲሚዮን» የተባለውን ረጅም ግጥሙን ፈጽሟል። ደራሲው ጆርጅ ሜርዲት ደግሞ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ1909 እስኪሞት ድረስ በኮረብታው ግርጌ ኖሯል። ለኪትስ ኮረብታው ግጥም መፈጸሚያ ጸጥታ ነበር፤ ለሜርዲት የየዕለት የእግር መንገድና የሥራ ቦታ ነበር።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ገጣሚ አይደለም፤ የምድር ባቡር ነው። በ1867 ከኮረብታው ግርጌ ጣቢያ ሲከፈት፣ ኤማ በሠረገላ የመጣችበት ጉዞ የባቡር ቲኬት መግዛት ለቻለ የለንደን ነዋሪ ሁሉ ተከፈተ። በ1871 የወጣው ሕግ ለሠራተኛው ተጨማሪ የበዓል ዕረፍት ቀኖችን ሲያስገኝ የሽርሽረኛው መልክ ተለወጠ። ከእንግዲህ ኮረብታው ላይ የሚቀመጡት የአንድ መንደር ወይዛዝርት ብቻ አልነበሩም።

ሰው መድረስ መቻሉ ግን ምድሩ የሱ ነው ማለት አይደለም። ኮረብታው የግል ርስት ነበርና ተሽጦ ቤት ሊሠራበት ይችል ነበር። በ1914 ሊዮፖልድ ሰሎሞንስ የተባለ ባለጸጋ 230 ኤከር መሬት በ16,000 ፓውንድ ገዝቶ፣ በ1895 ለተቋቋመው ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ሰጠ። ዛሬ ከአፋፉ ላይ ያለው የድንጋይ መመልከቻ በስሙ ይጠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርባቸው ተብሎ ከወንዙ የተነሡት መረማመጃ ድንጋዮች ደግሞ በ1946 ተተክተው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ መርቀው ከፈቷቸው። ለአንድ መሻገሪያ የአገር መሪ መምጣቱ፣ በእግር መሄድ የሕዝብ ጉዳይ እስከ መሆን መድረሱን ያመለክታል።

ይህ ሁሉ በስጦታ ብቻ የተገኘ እንዳይመስለን፣ በሰሜን ያለ አንድ ሌላ ከፍታ እናስታውስ። በማንቸስተርና በሼፊልድ ከተሞች መካከል ያለው ኪንደር ስካውት የተባለው ተራራማ ምድር ለባለ ርስቶች የወፍ አደን ተከልሎ ለእግረኛ ዝግ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች፣ ቤኒ ሮትማን ከመሪዎቻቸው አንዱ ሆኖ፣ ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ከጠባቂዎች ጋር ግጭት ተፈጠረ፤ አምስቱ ወጣቶች ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ከዚያ በኋላ በ1949 የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ ወጣ፤ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ባልታረሱ ሰፋፊ ከፍታዎችና የጋራ መሬቶች ላይ በእግር የመዘዋወርን መብት አጸና። በቦክስ ሂል በስጦታ የተገኘው በኪንደር ስካውት በእስር ተገዝቷል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ የምናወጣው ነገር ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ውብ ቦታ ሰውን በራሱ ኃይል አያንጽም። በዚያ ብሩህ ቀን፣ በዚያ አድማስ ፊት፣ አንዲት የተማረች ወጣት ደሀ ጎረቤቷን አዋረደች። ተፈጥሮ ሰውን ደግ ታደርጋለች የሚለው ሐሳብ በግጥም ብዙ ጊዜ ተወድሷል፤ ኦስተን ይህን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈትናዋለች፤ ፈተናውንም አላለፈም።

ሁለተኛ፣ የመልክዓ ምድር ገለጻ ዋጋ በቃላቱ ብዛትና በቅጽሎቹ ድምቀት አይለካም። ደራሲ ገጸ ባሕርያቱን ወደ ኮረብታ ሲያወጣ ከሰማዩ ቀለም አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። በምን መጡ? ማን ተሸክሞላቸው መጣ? ማን ተቀመጠ፣ ማንስ ቆሞ ቀረ? የሚያዩት ማሳ የማን ነው? ሳይጠራ የቀረውስ ማን ነው? እነዚህን የመለሰ ደራሲ አንድ ዛፍ ብቻ ቢጠቅስ ይበቃዋል። ያልመለሰ ደራሲ ጫካውን በሙሉ ቢቆጥር አንባቢውን ከቦታው አያደርሰውም።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ለሐያሲም ይሆናል። ኦስተንን ስለ ተፈጥሮ ጥቂት ጻፈች ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው። የሚከብደው ዝምታዋ የቱ ጋ ሆነ ተብሎ የተመረጠ ጥበብ፣ የቱ ጋ ደግሞ የዘመኗና የመደቧ ዕውርነት እንደሆነ መለየት ነው። በቦክስ ሂል እይታ ላይ ያሳየችው ዝምታ ጥበብ ነው፤ ፈረስ ሲጠብቁ በዋሉት አሽከሮች ላይ ያሳየችው ዝምታ ዕውርነት ነው። ሁለቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ በአንድ ታላቅ ደራሲ ብዕር ተጽፈዋል። የሂስ ሥራ ሁለቱን ሳያቀላቅል ለአንባቢ ማሳየት ነው።

ዛሬ መረማመጃ ድንጋዮቹን ተሻግሮ ወደ አፋፉ የሚወጣ ሰው ቦታ የሚከለክለው የለም፤ ሣሩም ለሁሉ ነው። በዚያ ሣር ላይ አብረው የተቀመጡ ሰዎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ግን ሕግም ስጦታም አይወስነውም። ኦስተን በ1815 የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ ጥያቄው አሁንም ድርሰት ለሚጽፍ ሰው ሁሉ ክፍት ነው።